ድምፁ የጠፋው ሞንታጅ

ሦስት ደቂቃ የሚረዝም፣ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ አለኝ። የሠራሁት በ2014 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ካውንተር ስትራይክ ስንጫወት ስክሪኑን በስልክ እየቀረጽን ያጠራቀምናቸው ዘጠኝ ክሊፖች ናቸው። ክሊፖቹ ላይ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ ይጮኻል፣ ባለቤቱ «ሰዓታችሁ አልቋል!» ይላል፣ አንዱ ሳንቲም ይቆጥራል። እኔ ግን ያንን ሁሉ ድምፅ አጥፍቼ ያኔ ሁሉም ይሰማው የነበረ የውጭ ዘፈን አስገባሁበት። ኢንተርኔት ላይ በለቀቅኩት በሳምንቱ ዘፈኑ ባለመብት አለው ተባለና ቪዲዮው ድምፅ አልባ ሆነ። ዋናዎቹን ክሊፖች ደግሞ ስልኬ ሲሞላ ሰርዣቸዋለሁ።

ለምን እንደዚያ አደረግኩ? መልሱን ፍለጋ የሞንታጅን ታሪክ ወደ ኋላ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ቪዲዮም አልነበረም። በ1993 የወጣው ዱም ጨዋታ ሲቀዳ ምስሉን አይዝም፤ ተጫዋቹ የሰጠውን ትዕዛዝ ብቻ መዝግቦ ጌሙ ራሱ ደግሞ ይጫወተዋል። ይሄ ዴሞ ይባላል። ፋይሉ ትንሽ ስለነበር በዚያን ጊዜው ቀርፋፋ ኢንተርኔት እንኳ ይላካል። በ1996 ኩዌክ ወጣ። በዚያው ዓመት ሬንጀርስ የተባሉ የተጫዋቾች ቡድን «ዳያሪ ኦፍ ኤ ካምፐር»ን ሠሩ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ንግግሩም በጽሑፍ ነው የሚመጣው። አዲሱ ነገር ካሜራው ነበር፤ ከተጫዋቹ ዓይን ወጥቶ እንደ ፊልም ካሜራ ዳር ቆሞ ያያል።

ቀጥሎ ሙዚቃው መጣ። የኩዌክና የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች ምርጥ ግድያዎቻቸውን ሰብስበው ከዘፈን ጋር መስፋት ጀመሩ፤ ፍራግ ሙቪ አሉት። ብዙ ሞንታጅ ሠሪዎች የለመዱት ቬጋስ የተባለው ሶፍትዌር በ1999 ሲወጣ የድምፅ ማቀናበሪያ ብቻ ነበር፤ ቪዲዮ የተጨመረለት በኋላ ነው። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔም እኮ መጀመሪያ ዘፈኑን ዘርግቼ፣ የምቱን ሞገድ በዓይኔ አይቼ፣ ከዚያ ነው ለእያንዳንዱ ምት የሚሆን ጥይት የምፈልገው።

ሙያው ያለው እዚህ ነው። ሆያ ሆዬ ስትጨፍሩ ዱላው መሬት የሚመታበትን ቅጽበት አስቡት፤ ጥይቱ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ግን ሁሉም ምት ላይ ጥይት ካስቀመጣችሁ ተመልካች በሃያ ሰከንድ ይሰለቻል። የሚይዘው ከጥይቱ በፊት ያለው ዝምታ ነው፦ በሩ ጋ የሚሰማው ኮቴ፣ ስናይፐሩ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ። እኔ ያንን ሁሉ ቆርጬ ጥያለሁ፤ ያስቀረሁት መግደሉን ብቻ ነው።

በ2009 መጨረሻ ሞደርን ዋርፌር 2 ሲወጣ የጨዋታው የመጨረሻ ግድያ ለሁሉም ተጫዋች ይታይ ነበር። ለዚያች አንዲት ቅጽበት ሲሉ ከፎቅ እየዘለሉ፣ በአየር ላይ እየተሽከረከሩ የሚተኩሱ ልጆች በዙ። በ2010 የተመሠረተው ፌዝ ክላንም ስሙን የተከለው በእንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች ነው። ነገሩ ሲበዛ መሳለቂያ ሆነ፤ ጥሩምባና ብልጭታ የታጨቀባቸው የፌዝ ሞንታጆች ራሳቸውን የቻሉ ዘርፍ ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ እየሄደ ነበር። ዩቲዩብ በ2007 የባለመብት ሥራዎችን የሚለይ ሥርዓት አመጣ፤ በ2009 መጀመሪያ የብዙ ቪዲዮዎች ድምፅ ጠፋ። በ2014 ነሐሴ ላይ ደግሞ ትዊች የተቀመጡ ስርጭቶችን መመርመር ጀመረ። ባለመብት ያለው ዘፈን ከተገኘ የሚጠፋው ዘፈኑ ብቻ አልነበረም፤ የሠላሳ ደቂቃው ድምፅ ከነወሬው ከነሳቁ ይሄድ ነበር። ሙዚቀኛው ለሥራው መከፈል አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የዘፈን ምርጫ የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ቪዲዮው ነገ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው።

ጓደኛዬ ከአገር ከወጣ ቆይቷል። አምና ደውሎ «ያቺን የጮህኩባትን ላክልኝ እስቲ» አለኝ። ምን ልበለው? ድምፅ የሌለውን ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ፦ ያንኑ ጩኸት እንደገና ጮኾታል፤ ከኋላው አብረውት የሚኖሩት ልጆች ይስቃሉ።

ቬጋስን ከፈትኩና ጩኸቱን ከስድስተኛው ክሊፕ ሥር አስቀመጥኩት። ከጥይቱ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ማስተካከል እችል ነበር፤ እንዲሁ ተውኩት።