ግዙፉን ሰው ማን ያበላዋል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በሶዶ ምድር፣ ጢያ በሚባለው ስፍራ 36 ድንጋዮች ቆመዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ሰዉ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ያን የሚያህል ቋጥኝ እንደ ካስማ የሚተክል ግዙፍ ጦረኛ በዚያ አልፏል ለማለት ነው። ድንጋዮቹ ግን ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከመወለዱ በፊት የቆሙ ናቸው።

ታዲያ አንድ ማታ እኛው በእኛው ስንጨዋወት ክርክር ተነሣ። እውነት ግዙፍ ሰውና ድግምት ቢኖር ኖሮ የዚያ ዘመን ጦርነት ምን ይመስል ነበር? ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳን።

እስቲ ከመብረር እንጀምር። ዓፄ ልብነ ድንግል በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ከቦታ ቦታ ሲሸሹ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ አይወጣም። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም እዚያው ተጠግተው ከርመው በ1541 ፖርቱጋሎቹ ሲደርሱ ወረዱ። የሚበር ጠንቋይ ቢኖር ገመዱ ምን ይፈይዳል? አምባ ሁሉ ሜዳ ሆነ ማለት ነው፤ የተሸነፈ ንጉሥም መጠጊያ አያገኝም።

ግዙፉስ? የዚያ ዘመን ሠራዊት ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነው፤ የሰፈረበትን አገር ይበላል። ተራው ወታደር እንዲህ ካደረገ የአሥር ሰው ቀለብ የሚጨርስ ግዙፍማ ምኑ ቅጡ! አንድ ሺህ ግዙፍ የከረመበት አውራጃ ጠላት ሳይደርስበት ያልቃል። ጌታው ያሸንፍ ይሆናል፤ የሚገዛው ግን ባዶ ጎተራ ነው።

ድግምቱ ግን መጥቶ ነበር፤ ስሙ ጠመንጃ ይባላል። ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ከኢማሙ ወገን ግን ጠመንጃ ነበረ። በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች ጠመንጃቸውን ይዘው በምጽዋ ገቡ። ኢማሙም በበኩሉ ከቱርኮች ብዙ ነፍጠኛ አስመጣ፤ በ1542 ዳ ጋማን ድል አድርጎ ገደለው። ከዚያ የቱርኮቹን አብዛኞች አሰናበታቸው። በ1543 ወይና ደጋ ላይ ዓፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ገጠሙት፤ ኢማሙ በጥይት ወደቀ።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ድግምተኛም ይበላል፣ ደመወዝም ይጠይቃል፤ ባሩዱ በባሕር ይመጣል፣ ባሕሩም ባለቤት አለው። ድግምት ቢኖርም አዝማች፣ ግብርና ጎተራ ያለው ይይዘዋል እንጂ ለደካማው አይወርድለትም። የሚለወጠው የአገዳደሉ ዓይነት ነው። እህሉን የሚያርሰው፣ ድንኳኑን የሚሸከመው፣ ለሠራዊቱ ስትፈጭ የምታድረው ሴት፣ ሁሉም እዚያው በቦታቸው ይቀራሉ።

ተረቱ ላይ ያለን ቅሬታም ይኸው ነው። ግዙፉን አንድ ሰው ያሳየናል፣ ብዙዎቹን ይጋርድብናል። ጢያ ላይ ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፈር የግዙፍ አጥንት አልወጣም። የወጣው መቃብር ነው፤ በእኛ ዕድሜ የነበሩ ወንዶችና ሴቶች መቃብር። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ድንጋያቸውንም ላልተከለው ሰው ሰጥተንባቸዋል።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ የጦር ታሪክ ስታነቡ ግዙፍ ሰው ብቅ ቢል አትሳቁበት። ምን በላ፣ ማንስ ፈጨለት ብላችሁ ጠይቁ።