የረዳት ነርስ የግል እንክብካቤ ሥራ በአሜሪካ

ረዳት ነርስ በነርስ ተቆጣጣሪነት፣ ራሱን መርዳት ያቃተውን ሰው የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚመግብና የሚያጸዳዳ የጤና ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ በምስክር ወረቀቱ ስም ሲኤንኤ ይባላል፤ በሜሪላንድ ግዛት ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያንና የሕሙማን መኖሪያ ተቋማት) የሚሠራው ደግሞ ጂኤንኤ ይባላል። ሥልጠናው አጭር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ብዙ አዲስ መጤዎች ወደ ጤናው ዘርፍ የሚገቡት በዚህ ሥራ በኩል ነው።

ሕግና ሥልጠና

ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያጸደቀው የነርሲንግ ሆሞች ማሻሻያ ሕግ ለሥልጠናው ዝቅተኛውን መጠን 75 ሰዓት አድርጎታል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በተቆጣጣሪ ፊት የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው። ግዛቶች ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት ታስተምራለች። ሠልጣኙ ፈተና አልፎ በግዛቱ መዝገብ ይሰፍራል፤ 24 ተከታታይ ወራት በክፍያ ካልሠራ ግን እንደገና መሠልጠን ወይም መፈተን አለበት። ሕጉ የነርሲንግ ሆሙን ነዋሪ መብትም ደንግጓል፦ ክብሩ ይጠበቃል፣ እንክብካቤን እንቢ ማለት ይችላል፣ ለሠራተኛው ምቾት ተብሎ አይታሰርም።

የሥራው ይዘት

ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት መለኪያ፣ የሰው ራሱን መቻል በ6 ነገሮች ይታያል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርና መብላት። እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት አለው። ስትሮክ አንድ ወገኑን ያደከመውን ሰው ሲያለብሱት የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ልብሱን ሲያወልቁለት ጤነኛው ይቀድማል። ሴት ስትጸዳዳ ኢንፌክሽን እንዳይዛት የሚጠረገው ከፊት ወደ ኋላ ነው። የሚመገበው ሰው ትን እንዳይለው ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ዋና ዋና ችግሮች

የአካል ጫና። ወገብና ትከሻ ቶሎ ይጎዳሉ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ሠራተኛው ታማሚን በእጅ ሲያነሣ ሸክሙ ከ16 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ከዚህ በላይ ለሚከብደው ማንሻ ማሽን ያስፈልጋል። ሰው ሲጎድል ግን ማሽኑን ለማምጣትም ሆነ ባልደረባን ለመጠበቅ ጊዜ ይታጣል።

ገመና። ታጣቢው ከልጁ በሚያንስ፣ አንዳንዴም በተቃራኒ ጾታ ባዳ እጅ ይታጠባል። ስለዚህ በርና መጋረጃ ይዘጋል፣ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ቀጥሎ የሚደረገው አስቀድሞ ይነገረዋል።

የመርሳት በሽታ። ነዋሪው ለምን ልብሱ እንደሚወልቅ ስለማይገባው ጥቃት ይመስለዋል፤ ይመታል፣ ይቧጭራል። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሕመም፣ ብርድ ወይም የሠራተኛው ጥድፊያ አለ። መፍትሔው ጉልበት አይደለም፤ ትቶ ቆይቶ መመለስ ወይም አልጋ ላይ እንዳለ በሞቀ እርጥብ ፎጣ ማጠብ ነው።

እንቢታ። ነዋሪው አልታጠብም የማለት መብት አለው፤ የቆሸሸ ዳይፐር ግን ቆዳን ያቆስላል። ረዳቱ በግድ አያጥብም፣ ዝም ብሎም አይተውም፤ ለነርሷ ይነግራል፣ መዝገብ ላይም ያሰፍራል።

ጊዜ። አንድ ረዳት ብዙ ነዋሪዎችን ይይዛል። መገላበጥ የማይችለውን የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጣል፤ በመሐል የጥሪ ደወል ይመልሳል፣ የሠራውን ይመዘግባል። በዚህ ጥድፊያ ነዋሪውን ማልበስ፣ ራሱ እስኪለብስ ከመጠበቅ ይፈጥናል። ሽማግሌን ቁጭ አድርጎ ማገልገል ክብር ነው ብሎ ላደገ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ደግሞ ሁሉን ማድረግ መልካም ምግባር ይመስላል። ሆኖም የልብሱን ቁልፍ የመቆለፍ ወይም ፊቱን የመታጠብ ዕድል ያጣ ሰው ያንን ችሎታ እያደር ያጣዋል። ስለዚህ የሥራው መመዘኛ ነዋሪው ንጹሕ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ከመታጠቡና ከመልበሱ ስንቱን በራሱ እጅ መሥራቱም ነው።