የዘንባባ ቅጠል መጻሕፍትና ዝርዝራቸው

(በሬዲዮ ከተሰጠ የታሪክ ትምህርት የተገለበጠ)

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ቀረብ በሉ። የዛሬው ትምህርታችን ወደ ሕንድ አገር ይወስደናል። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደቡብ ሕንድ ታንጃቩር የምትባል ከተማ አለች። በድሮው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሳራስቫቲ ማሃል የሚባል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሳራስቫቲ ማለት በሂንዱ ሃይማኖት የእውቀት አምላክ የምትባለው ናት። በዚህ ቤት ከ40,000 በላይ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት ሳንስክሪት በሚባል ጥንታዊ ቋንቋ ነው። ሕክምና አለ፣ ሕግ አለ፣ ሙዚቃ አለ። እኛ የምናወራው ግን ስለ ጸሎትና ስለ ውዳሴ መጻሕፍት ነው።

መጽሐፍ ስል ብራና እንዳይመስላችሁ። ወረቀት የሆኑ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የዘንባባ ቅጠል ናቸው። ቅጠሉ በልክ ተቆርጦ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል። ጸሐፊው በቀለም አይጽፍም። ጫፉ እንደ ወስፌ በሾለ ብረት ፊደሉን ይጭራል። ከዚያ በኋላ ጥላሸት በዘይት ለውሶ ቅጠሉን ይቀባል። ሲጠርገው ጥቁሩ በጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ፊደሉ ብቅ ይላል። ቅጠሎቹ ተበስተው ክር ይገባባቸዋል። ከላይና ከታች ጣውላ ተደርጎ አንድ ላይ ይታሰራሉ። እኛም እስር እንበላቸው።

የቅጠል ጠላቱ ብዙ ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ብል ይበሳዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል፣ ድርቀት ይሰነጥቀዋል። የጸሎት መጽሐፍማ የባሰ ነው። ለምን ቢሉ፣ በየቀኑ በእጅ ይነካል፤ ከመብራትና ከዘይት አጠገብ ይዘረጋል። የድሮ ጸሐፊዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከዘይት፣ ከውኃና ከላላ ማሰሪያ ጠብቁኝ የሚል ልመና ይጽፉ ነበር። ማሰሪያ ሲላላ ቅጠል ከቅጠል ይፋተጋል። ክሩ ሲበጠስ ደግሞ የአንዱ ውዳሴ ቅጠል ከሌላው ጋር ይደባለቃል። መጽሐፉ ሲያረጅ አዲስ ይገለበጥለትና አሮጌው በክብር ወደ ወንዝ ይጣል ነበር። ሳይገለበጥ ወንዝ የገባው ግን በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ታሪኩ። መጻሕፍቱን መሰብሰብ የጀመሩት በ16ኛው መቶ ዘመን የናያክ ነገሥታት ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት የማራታ ነገሥታት ቀጠሉበት። ከሁሉ የበለጠ የሰበሰበው ዳግማዊ ሰርፎጂ ነው። የገዛው ከ1798 እስከ 1832 ነው። ገዛ ማለት እንኳ ያስቸግራል። በ1799 በተደረገ ውል አገሩን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወሰደበት፤ ለእሱ የቀረለት ምሽጉና አካባቢው ብቻ ነበር። አገር የሌለው ንጉሥ መጽሐፍ መሰብሰብ ያዘ። ሊቃውንት እየላከ ከሰሜን ሕንድ ድረስ ያስገዛና ያስገለብጥ ነበር።

በ1855 የመጨረሻው ንጉሥ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ኩባንያውም ግዛቱን ወረሰ። መጻሕፍቱ በቤተ መንግሥቱ ቀሩ። ታዲያ በዚያ ሁሉ እስር ውስጥ ምን እንዳለ እንዴት ይታወቅ? በ1870ዎቹ አርተር በርኔል የሚባል በአካባቢው ዳኛ የነበረ እንግሊዛዊ የመዘርዘሩን ሥራ ያዘ። ዝርዝሩ በ1880 ለንደን ታተመ። እሱም በ1882፣ በ42 ዓመቱ ሞተ። በርኔል የቅኝ ገዢዎች ሹም ነበር። ራሱ የሰበሰባቸው የሳንስክሪት መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው። እውነቱን ለመናገር ይህ አይጥመኝም። የዝርዝሩን ሥራ ግን አልነፍገውም።

እንዲህ ያለው ዝርዝር ካታሎግ ይባላል። ቃሉን አብረን እንበል፦ ካ–ታ–ሎግ። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ውዳሴ መዘርዘር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ውዳሴ አጭር ስለሆነ በአንድ እስር ውስጥ ብዙ ይታሰራል። ስሙ ፊት ለፊት አይጻፍም፤ ቢገኝም መጨረሻ ላይ ነው። ደግሞ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ውዳሴዎች አሉ። ስለዚህ ዘርዛሪው ስሙን ብቻ ጽፎ አያልፍም። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቃላት ይገለብጣል። ቅጠሉን ይቆጥራል፣ መስመሩን ይቆጥራል። ርዝመቱንም 32 ክፍለ ቃል እንደ አንድ ስፍር አድርጎ ይለካል፤ የድሮ ጸሐፊዎችም ሥራቸውን የሚለኩት በዚሁ ነበር። ቅጠል ጎድሎ እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ሲደረግ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሳንስክሪት የራሱ ብቻ የሆነ ፊደል የለውም። ያው አንዱ ውዳሴ በግራንታ፣ በቴሉጉ ወይም በዴቫናጋሪ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አንዱን ፊደል ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላ መጽሐፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዘመኑም ያስቸግራል። በደቡብ ሕንድ ለ60 ዓመት 60 ስም አለ፤ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ጸሐፊው የዓመቱን ስም ብቻ ከጻፈ የትኛው ዙር እንደሆነ ማን ይንገረን? እኛስ «በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ» ብንባል የትኛው ሉቃስ ብለን አንጠይቅም?

በ1918 ቤተ መጻሕፍቱ ለሕዝብ ተከፈተ። ንጉሥና ሊቅ ብቻ ይገባበት የነበረውን ቤት ማንም አንባቢ ይገባበት ጀመር። ያን ጊዜ የበርኔል ዝርዝር አልበቃም። ፒ. ፒ. ኤስ. ሳስትሪ የሚባሉ የአገሩ ሊቅ እያንዳንዱን የሳንስክሪት መጽሐፍ የሚገልጽ ካታሎግ አዘጋጁ። ከ1928 እስከ 1934 በ19 ጥራዝ ታተመ።

ጥበቃውስ? እዚህ ላይ የቤት እመቤቶች ያዳምጡኝ። ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ ከካምፎር ጋር ተወቅጦ በትንሽ ከረጢት መጻሕፍቱ መካከል ይቀመጣል። ሽታውን ነፍሳት ይሸሹታል። ቅጠሉ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያም የጠጅ ሳር ዘይት ይቀባል፤ ዘይቱ ቅጠሉን ያለሰልሰዋል። ፊደሉ የደበዘዘ ከሆነ እንደገና ጥላሸት ይቀባል። በኋላ ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሳት መጣ፤ አንባቢ ፎቶውን ሲያነብ ቅጠሉ ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ቤት የጎደለ ቅጠል በሌላ ቤት ሊገኝ ይችላል። ቴዎዶር አውፍሬክት የሚባል ጀርመናዊ የየቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝሮች ወደ አንድ ሰብስቦ ከ1891 እስከ 1903 በሦስት ክፍል አሳተመ። በ1935 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የፊተኛው ጥራዝ የታተመው በ1949 ነው። ጀማሪዎቹ ሞተው ሌሎች ተተኩ፤ እነሱም ለሌሎች አስረከቡ። ጥራዞቹ በ2010ዎቹም ገና ይታተሙ ነበር።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደህና ሰንብቱ።