ቴክሳስ 7 አሸነፈ፣ ኦክላሆማ 2፦ በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ የማን ፕሮግራም ከበደ?

ቴክሳስ እና ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች ከቢግ 12 ኮንፈረንስ ወጥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ (በአጭሩ ኤስኢሲ) የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ ጁላይ 1 ቀን 2024። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር ቴክሳስ ከ8 የኮንፈረንስ ጨዋታ 7ቱን አሸንፎ አንደኛ ሆነ። ኦክላሆማ 2 ብቻ አሸንፎ 6 ተሸነፈ። እርስ በርስ ሲገናኙም ኦክቶበር 12 ዳላስ ላይ ቴክሳስ 34 ለ 3 ረታ።

ሠንጠረዡን ብቻ ካያችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ቴክሳስ ጎበዝ፣ ኦክላሆማ ደካማ፣ በቃ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እነዚህ ሁለት ቡድኖች ከማን ከማን ጋር ነው የተጫወቱት?

በተለይ ዳላስና አትላንታ ያላችሁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁ ቴሌቪዥን ፊት "የእነሱ ፕሮግራም ቀላል ነው፣ የእኛ ከባድ ነው" እያሉ ሲጨቃጨቁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ይህ ጽሑፍ ጭቅጭቁ በስሌት እንዴት እንደሚታይ፣ ስሌቱ የት እንደሚያሳስትና ለምን ብዙ ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ ያብራራል። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ከሁሉም አይጫወትም

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለሁላችንም ግልጽ ነው። 20 ቡድን አለ፤ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ይገናኛል፤ 38 ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቡን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

የኮሌጅ ፉትቦል ግን እንዲህ አይደለም። ጨዋታው አካል ለአካል መጋጨት ስለሆነ በአብዛኛው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚደረገው። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚኖረው 12 ጨዋታ ነው። በ2024 ኤስኢሲ 16 ቡድን ነበረው፤ ከ12ቱ ጨዋታ ደግሞ 8ቱ ብቻ ናቸው የኮንፈረንስ። ስለዚህ አንድ ቡድን ከ15 ባላንጣዎቹ 8ቱን ይገጥማል፣ 7ቱን ጭራሽ አያያቸውም።

እስከ 2023 ድረስ ነገሩ ትንሽ ይሻል ነበር። ያኔ 14ቱ ቡድኖች ምሥራቅና ምዕራብ ተብለው በ7 በ7 ተከፍለው ነበር። በአንድ ምድብ ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ለማወዳደር የጋራ መለኪያ ነበራቸው። በ2024 ምድቡ ቀረ። "ማን ቀላል ፕሮግራም ደረሰው?" የሚለው ጥያቄም የዚያኑ ያህል ከረረ።

ቀላሉ ስሌት

የመጀመሪያው ዘዴ ማንም በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ነው። የአንድን ቡድን 8 ተጋጣሚዎች ትወስዳላችሁ፤ እያንዳንዳቸው በኮንፈረንሱ ስንት ጨዋታ እንዳሸነፉ ትደምራላችሁ። 8 ተጋጣሚ፣ ለእያንዳንዱ 8 ጨዋታ፣ በድምሩ 64 ጨዋታ ይሆናል። ከ64ቱ ብዙ ያሸነፉ ተጋጣሚዎች ያሉት ቡድን ፕሮግራሙ ከባድ ነበር ይባላል።

የቴክሳስ ተጋጣሚዎች ያሸነፉት እንዲህ ነው፦ ጆርጂያ 6፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 5፣ ፍሎሪዳ 4፣ አርካንሳ 3፣ ቫንደርቢልት 3፣ ኦክላሆማ 2፣ ኬንታኪ 1፣ ሚሲሲፒ ስቴት 0። ድምሩ 24።

የኦክላሆማስ? ቴክሳስ 7፣ ቴነሲ 6፣ አላባማ 5፣ ኤልኤስዩ 5፣ ኦል ሚስ 5፣ ሚዙሪ 5፣ ሳውዝ ካሮላይና 5፣ ኦበርን 2። ድምሩ 40።

ልዩነቱን አያችሁ? ከኦክላሆማ 8 ተጋጣሚዎች 7ቱ ከተሸነፉት ይልቅ ያሸነፉት ይበልጣል። ከቴክሳስ 8 ተጋጣሚዎች ግን እንዲህ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። በአንድ ቀን አንድ ቤት የገቡ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሜዳ ሲደርሰው ሌላው ዳገት ደረሰው።

የራስን ጨዋታ መቀነስ

ግን ይህ ስሌት ጉድለት አለው። ቴክሳስ 7 ጊዜ ሲያሸንፍ ተጋጣሚዎቹ ላይ 7 ሽንፈት ጨምሯል። ማለትም ጎበዝ ቡድን ተጋጣሚዎቹን ራሱ ደካማ ያስመስላቸዋል። ደካማ ቡድን ደግሞ ለሁሉም ድል ስለሚያድል ተጋጣሚዎቹ ከልክ በላይ ጠንካራ ይመስላሉ።

በ2024 ሚሲሲፒ ስቴት 8ቱንም ተሸንፏል። በቀላሉ ስሌት ከ16ቱ ከባዱ ፕሮግራም የእሱ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ 41 አሸንፈዋል። ግን ከ41ዱ 8ቱን የሰጣቸው እሱ ራሱ ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ከዚያ ከምንለካው ቡድን ጋር ያደረጉትን ጨዋታ ማውጣት። ያኔ 64 የነበረው 56 ጨዋታ ይሆናል። በዚህ መንገድ የ16ቱም ተጋጣሚዎች ከ56 ጨዋታ ስንት እንዳሸነፉ ከከባዱ ወደ ቀላሉ እነሆ፦

ኦክላሆማ፦ 34
ሚሲሲፒ ስቴት፦ 33
አላባማ፣ ፍሎሪዳ፣ ኬንታኪ፣ ቫንደርቢልት፦ እያንዳንዳቸው 31
አርካንሳ፦ 30
ኤልኤስዩ፦ 29
ጆርጂያ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፦ እያንዳንዳቸው 28
ኦበርን፦ 24
ቴክሳስ፣ ኦል ሚስ፦ እያንዳንዳቸው 23
ቴነሲ፣ ሚዙሪ፦ እያንዳንዳቸው 22

መካከለኛው ቁጥር 28 ነው፤ ልክ ግማሽ። 11 ቡድኖች ከግማሽ በላይ ወይም ግማሽ ላይ ናቸው። ከዚያ 27፣ 26፣ 25 የሚባል የለም፤ ቁጥሩ በአንዴ ወደ 24 ይወርድና አምስት ቡድኖች ታች ላይ ተሰብስበዋል። በዚያ ዓመት ከኤስኢሲ ወደ ብሔራዊው ፕሌይኦፍ ካለፉት ሦስት ቡድኖች ሁለቱ፣ ቴክሳስና ቴነሲ፣ ከእነዚህ አምስት ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ጆርጂያ ነው።

ታዲያ ቀላል ፕሮግራም ያገኘ ሁሉ ያልፋል ማለት ነው? አይደለም። ኦበርንን ተመልከቱ፤ እሱም ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ግን እንደ ኦክላሆማ 2 አሸንፎ 6 ተሸንፏል። መንገዱ ቢደለደልም መራመድ ያለበት እግር ነው።

ቁጥሩ የማያሳየው

አንደኛ፣ ቦታ። ጆርጂያ በሠንጠረዡ ልክ መሐል ላይ ነው፣ 28። ግን አላባማን፣ ቴክሳስንና ኦል ሚስን የገጠመው ሁሉንም በእነሱ ሜዳ ነው። በአላባማ 41 ለ 34፣ በኦል ሚስ 28 ለ 10 ተሸነፈ፤ ኦስቲን ላይ ግን ቴክሳስን 30 ለ 15 አሸነፈ። አማካይ ቁጥር ደግሞ ጫፎቹን ይደብቃል፤ ከጆርጂያ ተጋጣሚዎች አንዱ 7 ያሸነፈው ቴክሳስ ነው፣ ሌላው ምንም ያላሸነፈው ሚሲሲፒ ስቴት። ሁሉም መካከለኛ የሆኑ 8 ቡድኖችን መግጠም ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ከኮንፈረንስ ውጪ ያሉት 4 ጨዋታዎች። እነዚህን ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚዋዋሉት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት። ስለዚህ የጨዋታው ቀን ሲደርስ ባላንጣው ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 ዓ.ም እ.ኤ.አ 13 አሸንፎ 1 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ነበር። ፍሎሪዳ በ2024 ሲገጥመው ግን ያ ቡድን ዓመቱን 2 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ነው የጨረሰው። ቫንደርቢልት ደግሞ በተቃራኒው፤ በ2023 በኮንፈረንሱ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ቡድን በኦክቶበር 5 ቀን 2024 የአገሪቱ አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ 35 ጣለ። ውድድሩ ሳይጀመር "ከባድ ፕሮግራም" እየተባለ የሚወጣው ዝርዝር ግምት ነው፤ እውነተኛው ክብደት የሚታወቀው ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የተጋጣሚ ተጋጣሚ። 5 ያሸነፉ ሁለት ቡድኖች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ደካሞችን አሸንፎ ሊሆን ይችላል። የድሮው ቢሲኤስ የሚባለው የደረጃ አወጣጥ በመጀመሪያ ዓመታቱ ይህንን ለማስተካከል የተጋጣሚዎችን ውጤት ሁለት ሦስተኛ፣ የተጋጣሚዎችን ተጋጣሚዎች ውጤት አንድ ሦስተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

ለምን ይህን ያህል ያጨቃጭቃል?

ምክንያቱም ውጤቱ ወረቀት ላይ አይቀርም። ከ2024 ጀምሮ ፕሌይኦፉ ከ4 ወደ 12 ቡድን ሰፍቷል። አምስቱ ቦታ ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ነው፤ የቀሩትን ሰባት 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመርጣል። በ2024 ለገባ ለእያንዳንዱ ቡድን ለኮንፈረንሱ 4 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር፤ ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ ሌላ 4 ሚሊዮን፣ ለግማሽ ፍጻሜና ለፍጻሜ ደግሞ 6፣ 6 ሚሊዮን ይጨመር ነበር። በኤስኢሲ ውስጥም ቢሆን ከሁለት በላይ ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ከሚታዩት መለያዎች አንዱ የተጋጣሚዎች የኮንፈረንስ ውጤት ነው። ማለትም ከላይ የሠራነው ድምር በደንቡ ውስጥ አለ።

ሰውም ይነካል። ኦክላሆማ በሳውዝ ካሮላይና 35 ለ 9 በተሸነፈ ማግስት፣ ኦክቶበር 20፣ የማጥቃት ክፍሉ አሰልጣኝ ሴት ሊትረል ከሥራ ተሰናበቱ። የውድድር ዘመኑ ገና ሳያልቅ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ትልቁ ክርክር የአላባማ ነበር። 9 አሸንፎ 3 የተሸነፈው አላባማ ቀርቶ 11 አሸንፎ 2 የተሸነፈው የዳላሱ ኤስኤምዩ ገባ። "የእኛ ፕሮግራም እኮ ይከብዳል" የሚለው የአላባማ ደጋፊ ሐሰት አልተናገረም፤ 31 ቁጥር ምስክር ነው። ግን አላባማን ማን ጣለው? ከሦስቱ ሽንፈቶች ሁለቱ የመጡት 3 ካሸነፈው ቫንደርቢልትና 2 ካሸነፈው ኦክላሆማ ነው፤ ኦክላሆማማ 24 ለ 3 ነው የቀጣው። ጠንካራውን ጆርጂያን ግን አሸንፎ ነበር። ፕሮግራም መክበዱ ክርክር የሚሆነው በከባዶቹ ስትሸነፍ ነው፤ በቀላሎቹ ስትሸነፍ አይደለም።

ያው ፕሮግራም እንደገና

ከዚያ በኋላ የመጣው ለዚህ ክርክር ከሁሉም የተሻለ ፈተና ነው። ኤስኢሲ በ2025 ለእያንዳንዱ ቡድን እነዚያኑ 8 ተጋጣሚዎች ሰጠ፤ የተቀየረው የማን ሜዳ የሚለው ነው። ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው እንደሚባለው።

ኦክላሆማ ያንኑ ዳገት በ6 ድልና በ2 ሽንፈት ወጣው፤ ፕሌይኦፍም ገባ። ቴክሳስ ደግሞ የመክፈቻ ጨዋታውን ሄዶ ከኦሃዮ ስቴት ጋር አድርጎ 14 ለ 7 ተሸነፈ፤ በመጨረሻ 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ውጪ ቀረ። ከኦሃዮ ስቴት ይልቅ ደካማ ቡድን ጋብዞ ቢያሸንፍ ኖሮ 10 ለ 2 ይሆን ነበር። አሁን የብዙ ትምህርት ቤቶች ጭንቀት ይሄ ነው፤ ትልቅ ጨዋታ ለተመልካች ደስ ይላል፣ ግን ከተሸነፍክ ማን ይቆጥርልሃል?

በኦገስት 2025 ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። የፕሌይኦፉ ኮሚቴ ለጠንካራ ተጋጣሚ የበለጠ ክብደት የሚሰጥ መለኪያ እንደሚጠቀም አስታወቀ። ኤስኢሲ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ የኮንፈረንስ ጨዋታ ከ8 ወደ 9 እንዲያድግ ወሰነ፤ 3 ቋሚ ባላንጣ፣ 6 ተዘዋዋሪ። በዚህ መንገድ ማንኛውም ቡድን ከሌላው ጋር ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ይገናኛል። ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም፤ አሁንም በአንድ ዓመት 6 ቡድን ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭቅጭቁ ሲነሳ አራት ነገር ጠይቁ። የተጋጣሚዎቹ ድል ሲቆጠር የራሱ ጨዋታ ወጥቷል ወይ? ጠንካሮቹን የገጠመው በማን ሜዳ ነው? ዝርዝሩ ከውድድሩ በፊት የተገመተ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ የተቆጠረ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የተሸነፈው በማን ነው? አራቱን የመለሰ ሰው ያን ቀን ክርክሩን አሸንፏል።