የአባቶቻችን መሮና መጋዝ፦ ከጎንደር እስከ አሽቀሎን



ማለዳ በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ በዕብራይስጡ ታሃና መርከዚት፣ የመሣሪያ ከረጢት ይዛችሁ ወደ ሥራ የምትሄዱ አባቶችና ወንድሞች አላችሁ። በከረጢታችሁ ያለው መሮና መጋዝ ረጅም ታሪክ እንዳለው ለልጆቻችሁ ነግራችኋቸዋል?

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ዋና ከተማ ካደረጉ በኋላ ለግንቡና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራ ግንበኛና አናጢ በብዛት ተፈለገ። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ርስታቸውን ለተነጠቁት ወገኖቻችን መሣሪያቸው እንደ መሬት ሆነላቸው። ከሙያ አለቆቻቸውም በጅሮንድና አዝማች የሚል ማዕረግ ያገኙ ነበሩ።

ከ1769 ወዲህ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ የነገሥታቱ ኃይል ሲዳከም የሕንፃው ሥራም ቀነሰ። ወንዶቹ ይበልጥ ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሽመና፣ ሴቶቹም ወደ ሸክላ ሥራ አዘነበሉ። ያን ጊዜ «ቡዳ» የሚለው ስድብ ጠነከረ። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ እየገዛ ቀጥቃጩን ግን ይፈራው ነበር። ስለዚህ ልጆቻችሁ መሣሪያ በያዘ እጅ እንዳያፍሩ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። ያስናቀን የሰው አጉል እምነት እንጂ ሙያችን አይደለም።

በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ እስራኤል ሲገቡ፣ ብዙው ቤተሰብ ከለበሰው ልብስ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። የአባት መዶሻ እዚያው ቀረ። ዛሬ በእጃችሁ ያለውን መሣሪያ በእንክብካቤ መያዝ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በአገር ቤት መሣሪያን በግድግዳ ኩላብ መስቀል ወይም በስልቻ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ኩላቡ እዚህም ይጠቅማል፤ ስልቻው ግን አይሆንም። አሽቀሎን በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ጨውና እርጥበት አለው። ቆዳ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። በቆዳ ተጠቅልሎ የሰነበተ መሮ ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ማታ መሣሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት።

በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ጣውላ ምቱ፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታ ስጡት፤ ቅርጹንም በእርሳስ ንደፉ። የጎደለው ወዲያው ይታያል። ከባዱን ከታች፣ ስለታሙን ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ አድርጉ። የመጋዙን ጥርስ በተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ሸፍኑት። መላጊያውን በጎኑ አስተኙት፤ ስለቱ ጠረጴዛ ሲነካ ይደንዛል።

ወደ ጣቢያው ስትሄዱም ስለታሙን ሸፍናችሁ በተዘጋ ሳጥን ያዙ። ዘበኛው ከጠየቃችሁ ሳትደነግጡ «ክሌ አቮዳ»፣ ማለትም የሥራ መሣሪያ፣ በሉት። ሳጥኑን ግን ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ወንበር ላይ ትታችሁ አትራቁ። ባለቤት የሌለው ዕቃ በዚህ አገር አደገኛ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ፖሊስ ይጠራል፣ ሕዝቡም እንዲርቅ ይደረጋል፤ መሣሪያችሁም ሊወድም ይችላል።

የጎንደርን ግንብ ያቆመ ሙያ በዝገትና በቸልተኝነት እንዳይጠፋ አደራ። መልካም ሥራ ይሁንላችሁ!