የቀበሌ ቤት ግድግዳ

የማወጋችሁን እናት ስማቸውን አልነግራችሁም። ሰፈሩ «እማማ» እያለ ነበር የሚጠራቸው፣ እኛም በዚሁ እንቀጥል። ቤታቸው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። የአስፋልቱን ወርቅ ቤትና ካፌ ትታችሁ በቀጭኗ ቅያስ ስትገቡ ግራና ቀኝ ተደጋግፈው የቆሙ የጭቃ ቤቶች ታገኙ ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ነበር የሚሄደው። የእማማ ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ወሬዬ የግድግዳው ነውና ከእንጨቱ ልነሣ። አዲስ አበባ በ1879 ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ጨረሰችው። ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይሂድ ተብሎ እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። እዚሁ ያስቀራት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባለጸጋው እዚሁ አራዳ ላይ በድንጋይና በእንጨት በረንዳ ሲገነባ፣ የሌለው ባሕር ዛፉን አቁሞ፣ ማገር መትቶ፣ ጭቃ መረገበት። በ1909 ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከወደብ የሚመጣው ቆርቆሮ ከአጋሰስ ጀርባ ወርዶ ባቡር ተሳፈረ። ምርጊትና ቆርቆሮ፤ የአራዳ ድሃ ቤት ይኸው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። እማማ ያኔ ሙሽራ ናቸው። ኪራዩ ሲቀነስላቸው እልል አሉ። ታዲያ የቤት ጌታው ሲሄድ ጠጋኙም አብሮ ሄደ። የጥቂት ብር ኪራይ የሚሰበስብ ቀበሌ በየትኛው ገንዘቡ የስንቱን ቤት ጭቃ ይመርጋል? ተከራዩ በገዛ እጁ እንዳይጠግን ደግሞ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ፈቃድ ይጠየቅበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዶዘር ከመምጣቱ ከስንት ዘመን በፊት የአራዳን ቤቶች ማፍረስ የጀመረው ይኼ ነው።

ዘመን አልፎ፣ አንድ ግንቦት የበልጉ ዝናብ ንፋስ ይዞ መጣ። የኋለኛውን ግድግዳ ከውጭ የለበጠው ቆርቆሮ ሲንኳኳ አደረ፤ እማማም ሲቆጡት አደሩ። ጠዋት ቢያዩት ሚስማሩ ተነቅሏል፣ ከሥሩ ያለው ምርጊት አብጧል። በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። እንጨቱን የለቀቀ ምርጊት ድምፁ እንዲያ ነው። ቀበሌ ሄደው አመለከቱ፤ «ባለሙያ ይመጣል» ተባሉ። ክረምቱ ከባለሙያው እንደሚቀድም ያውቁ ነበርና መቀነታቸውን አጥብቀው አፈር ፍለጋ ወጡ።

ጭቃ ቀላል የሚመስለው ላልመረገ ሰው ነው። ጥቁሩ መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በእሱ የመረገ ለከርሞም ይመርጋል። የሚፈለገው ቀይ አፈር ነው፣ ያውም ሥርና ጠጠሩ ተለቅሞለት። የሰፈር ልጆች በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው አመጡላቸው። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጓሮ ተከመረ፤ በየዕለቱ እየተረገጠ፣ እየተገለበጠ፣ ሽታው ጎረቤት እስኪያስነጥስ ሰነበተ። ጭዱ ሲቦካ ጭቃው ይጣበቃል፤ ሳይበሰብስ የቀረው ደግሞ እንደ ጅማት ሆኖ ግድግዳውን ያያይዘዋል።

አንድ ወጣት ግንበኛ ሲያልፍ «እማማ፣ ምን አደከምዎት? ሲሚንቶ ያስለስኑበት እንጂ» አላቸው።

«ሂድ ወዲያ! ሲሚንቶና ጭቃ መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?»

እውነታቸውን ነው። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ እንደ ደረቀ ነው። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ሲያጣ ልስኑ እንዳለ ተገንጥሎ ይወርዳል። ከክረምት በኋላ የፒያሳን ጓሮዎች የዞረ ሰው አይቶታል።

የለቀቀውን ምርጊት ጠንካራው እስኪገኝ አራገፉት። ትንሿ ቀዳዳ በር አከለች፤ ግን በላላ ላይ የተመረገ ከላላው ጋር ይወርዳል። የታችኛውን ማገር ምስጥ በልቶታል፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ እየተፈናጠረ የሚያረጥበው የግድግዳውን እግር ነውና። ማገሩ ተቀየረ። ከዚያ አሮጌውን ጭቃ ውኃ ረጩት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ መጥጦ መልሶ ይጥለዋል። እፍኝ እፍኙን በኃይል እየወረወሩ በማገሩ መሀል አስገቡት። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አያስደነግጥም፤ የተነፋ አፈርና እበት ያለበት ሁለተኛው ይደፍነዋል።

በውስጥ በኩል ግን ሥራው ተሰናከለ። ግድግዳው በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበር፣ በላይ በላዩ። ሲላጥ ከኢሕአዴግ ሥር ደርግ፣ ከደርግ ሥር ጃንሆይ ወጡ። ሊያግዝ የመጣው ሁሉ ጭቃውን ትቶ ማንበብ ያዘ። እማማ ናቸው አባርረው ያስጨረሱት።

ቆርቆሮው ቀረ። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ገዙ። ሻጩ «ባለ 35 ነው» ብሎ ቁጥሩን ሊያስከብር ሞከረ፤ እሳቸው ግን የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ያውቁ ነበርና ባለ 32ቱን መረጡ። አመታቱም ሥርዓት አለው። ከታች ይጀመራል፣ የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲደረብ። ሚስማሩ በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ አይመታም። ከራሱ ሥር የከመነዳሪ ቁራጭ ይገባል፣ አሮጌው ቀዳዳ በካትራም ይደፈናል። የቆርቆሮው ጫፍ አፈር ከነካ ዝገት ከዚያ ስለሚጀምር ከመሬት ከፍ ይላል።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው ከሜሪላንድ ደወለ። የእሱም ቤት ውጭውን በቪኒል የተለበጠ ነው፣ ንፋስ አላቅቆበታል።

«እማዬ፣ እዚህ ቀላል ነው። አንዱ ልባጥ በሌላው ከንፈር ይቆለፋል፤ ሲላቀቅ በመንጠቆ ስበሽ ጫን ስትዪው ይገባል። ሚስማሩን ግን አጥብቀሽ አትመቺም። ሙቀት ሲለጥጠው እንዲንቀሳቀስ ላላ ይደረጋል።»

«ላላ?» ሳቁ። «እዚህ ሚስማር አላልቼ ብተኛ ቆርቆሮውን ጠዋት ምናለሽ ተራ ሄጄ ነው የምገዛው!»

ግድግዳው በዚያ ክረምት ቆመ፣ በሚቀጥሉትም። ባለሙያው አልመጣም። በ2016 ኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ቆርቆሮው ግን በገንዘባቸው የተገዛ ነው። እማማ መዶሻቸውን ይዘው ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀሉ፣ ለዳግም ሥራ በድንጋይ ላይ አቀኑት። አሮጌ ቆርቆሮ የሚገዛው ሰው መጣ፣ አንዱን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አየበት።

«እማማ፣ ይሄ ወንፊት ሆኗል እኮ። ቀንሱልኝ።»

«ቀዳዳው የት ላይ እንዳለ አየህ? ጉብታው ላይ ነው። ሸለቆው ላይ አንድ ካገኘህ በነፃ ውሰደው!»

ሰውየው እያገላበጠ ፈለገ፤ ከዚያም የጠየቁትን ከፈለ።