የመንዝ ባላገር ክረምቱን እንዴት ይዘልቅ ነበር

በግእዝ የተጻፉትን ዜና መዋዕሎች የመረመረ ሰው፣ ጸሓፊዎቹ የንጉሡን የዓመት ውሎ ሲተርኩ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር እንዳለ ያስተውላል፤ ይኸውም ንጉሡ በዚያ ዓመት በየትኛው ሀገር እንደ ከረመ ነው። ወንዙ ሲሞላ፣ ጭቃውም ፈረስና በቅሎ ሲይዝ ዘመቻ ይፈታ፣ ሠራዊትም ይበተን ነበርና የዓመቱ ታሪክ ማሰሪያው የክረምቱ ሰፈር ነበር። ዛሬ ወዳጅ ወዳጁን ሰንብቶ ሲያገኘው «እንዴት ከረምክ» የሚልበት ቃል ሥሩ ይኸው ክረምት ነው፤ የጥንቱ ጠያቂም ሊያውቅ የሚሻው ወዳጁ የዝናሙን ወራት በምን እንዳለፈው ነበር።

ነገር ግን ንጉሥ የሚከርመው ከየአገሩ በገባለት ግብር ነው፤ ባላገር የሚከርመው በገዛ ጎታው ነው። ስለዚህ የክረምትን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከደጋው ጎጆ መመልከት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈለውን መንዝን እመርጣለሁ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ቀኑን ማታ በሚያስመስልበት በዚህ አገር ኑሮው የተመሠረተው በገብስ፣ በባቄላና በበግ ላይ ነው። ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ የሚታጨደው የበልግ ገብስ የዓመቱ ተስፋ ነው። በልጉ ከሠመረ ባላገሩ ክረምቱን በአዲስ እህል ይቀበለዋል፤ በልጉ ከቀረ ግን የመኸሩ አዝመራ እስኪደርስ ድረስ ከአምናው ጎታ በቀር መጠጊያ የለውም።

እንግዲህ ክረምት የሚዘለቀው በበጋ ነበር። እንጨት በመንዝ ብርቅ ነውና፣ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ቀስ በቀስ እስኪስፋፋ ድረስ የምድጃው አለኝታ ኩበት ነበር፤ ሴቶችና ልጆች እበቱን በፀሐይ ጠፍጥፈው አድርቀው ዝናም ከማይደርስበት ይከምሩት ነበር። ማሳው ያጣው ፍግ ምድጃው ላይ እንደሚነድ ባላገሩ ያውቃል፤ ግን በሐምሌ ብርድ ልጁን ከማሞቅ የሚቀድም ነገር አልነበረውም። ከጭቃና ከጭድ የተሠራው ጎታ በቤቱ ውስጥ ይቆማል፤ ለዘር የተለየው እህል አፉ ተመርጎ ይቀመጣል፤ ለቀለብ የሚሆነውን የቤቱ እመቤት በቁና እየሰፈረች ታወጣለች። ጎታው ስንት ቁና እንደቀረው፣ ቀኑም እስከ አዝመራው ስንት እንደሆነ በልቧ የምታሰላው እርሷ ነበረች፤ ይህ ሒሳብ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም፤ የሸዋ ቤተሰብ ግን ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው በዚህ ሒሳብ ነው። ከሥራዋ ሲተርፋትም ከበጎቹ የተሸለተውን ጠጉር ትፈትላለች፤ ወንዱ ይሸምነዋል፤ ከዚያም ስመ ጥሩው የመንዝ ባና ይወጣል።

ከጎታውና ከባናው ይልቅ እጅግ የሚደንቀኝ ግን የጓሳው ሥርዓት ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ፣ ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት፣ ለመንዝ ሰው የክረምቱ ግምጃ ቤት ነበር፤ ቤቱ የሚከደነው፣ ገመዱ የሚገመደው፣ እረኛውም ከዝናሙ የሚሸሸግበት ገሳ የሚሠራው ከዚያ ሣር ነውና። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ በሚነገረው በቄሮ ሥርዓት፣ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ መወለዱን የቆጠረ ሁሉ በአጽመ ርስቱ የመጠቀም መብት ነበረው፤ ይሁን እንጂ መብቱ በፈለገ ጊዜ የማጨድ መብት አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች በመረጧቸው አለቆች ትእዛዝ ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ በበጋ ይከፈታል፤ ዝናሙም ሲገባ፣ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ እንደገና ይዘጋል። ሣሩ በዝናሙ ወራት ሳይነካ ማደግ ነበረበት፤ ስለዚህ ባላገሩ ጣራው ማፍሰሱን በነሐሴ ቢያስተውል ረፍዶበታል። ሰው ሁሉ ለጣራው ሣር በሚሻበት ወር ሣሩን አትንካ የሚል ሕግ ሕዝቡ ራሱ አውጥቶ ራሱ መጠበቁ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ የተጻፈ ሕግ የሚበልጥ ጥበብ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም የዝናሙን ወራት በገዛ ሥርዓቷ ትከፍለዋለች። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ ሊቃውንቱ መጀመሪያ ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ቀጥሎም ስለ መብረቅና ነጎድጓድ ይዘምራሉ፤ ጎታው በሚጎድልበት በነሐሴ ደግሞ ዕጓለ ቋዓት በሚባለው ክፍል፣ እግዚአብሔር ለሚጮኹት ለቁራ ልጆች እንኳ ምግብን እንደሚሰጥ ይታሰባል። የፍልሰታም ጾም በዚሁ ወር መጀመሪያ ይውላል። ቅቤ ያለውም የሌለውም እኩል ጎመንና ንፍሮ በሚበላበት በዚያ ሱባኤ፣ የድኻው ባዶ ድስት ከጎረቤቱ ዓይን ይሰወር ነበር፤ ይህን ምሕረት አቅልሎ ማየት አይገባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ጎታው በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር የሚጠቅመው። የዘመቻው መፈታት ለንጉሡ ዕረፍት ሲሆን ለገበሬው ሌላ ጭንቅ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ወታደር በምሪት በቤቱ ይገባና ለልጆቹ የተሰፈረውን ቁና ይካፈለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዐሥራት እንዲከፈል አዝዘው ምሪቱን ለማስቀረት መሞከራቸው ይህ ጭንቅ ምን ያህል ከብዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከዚያ በፊት፣ በ1880 ዓ.ም. ከምጽዋ ወገን የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ በፈጀው ጊዜ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን መጣ፤ የሚጠምደው ያጣ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በላ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሬ የሌለው እንዲቆፍር ራሳቸው ዶማ ይዘው ምሳሌ ሆኑ። ዝናሙ ቢዘንብም የሚያርስ በሬና የሚዘራ ዘር ከሌለ ሰማዩ ብቻውን አያጠግብም፤ ስለዚህ ረኀባችንን ሁሉ በዝናም መቅረት የሚያመካኙ ሰዎች ታሪኩን በግማሽ አንብበውታል እላለሁ።

የቄሮ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሜዳውም ያለ ጠባቂ ቀርቶ ሣሩ ሳሳ፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ተሰብስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቁሞታል። ብዙው ቤት ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል። የጎታው ሒሳብ ግን አልተለወጠም፦ ሊቃውንቱ በመስከረም 25 ዘመነ ክረምትን ፈጽመው በማግስቱ ወደ ዘመነ ጽጌ ይሻገራሉ፤ በልጉ ለቀረበት የመንዝ ባላገር ግን ክረምቱ የሚያልቀው የመኸሩ ገብስ ሲታጨድ፣ በኅዳር ነው።